ማታ ሳሎን ውስጥ የማያሳፍር ካሜራ፦ በመጠነኛ ዋጋ እንዴት ይገዛል?

ካሜራ ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ ሻጩ አስቀድሞ የሚነግርዎ ሜጋፒክስሉን ነው። “ይሄ 18 ነው፣ ያኛው ግን 24 ነው” ይልዎታል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። እርስዎ ግን ቀድመው መመለስ ያለብዎት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ፎቶ የማነሳው በአብዛኛው በምን ዓይነት ብርሃን ነው? እኛ ዘንድ የቤተሰብ ፎቶ በብዛት የሚነሳው ቤት ውስጥ ነው፤ ከመሸ በኋላ፣ በአንዲት አምፖል፣ ቡና ተፈልቶ፣ ልጆች እየተሯሯጡ፣ ለበዓል ዘመድ ተሰብስቦ። ቀን ሜዳ ላይማ የትኛውም ካሜራ ደኅና ፎቶ ያነሳል። ልዩነቱ የሚታየው ማታ ሳሎን ውስጥ ነው። ስለዚህ ምክሬ ከመነሻው ይህ ነው፦ ገንዘብዎን ሜጋፒክስል ላይ አያጥፉት፤ ብርሃን ይግዙበት። እንዴት እንደሚገዛ ደረጃ በደረጃ እንየው።

መጀመሪያ ስልክዎን ይመርምሩ

ከቤት ሳይወጡ ስልክዎን ይክፈቱና ያለፉትን ወራት ፎቶዎች ይመልከቱ። ያማሩትን ይለፏቸው፤ የሚፈልጉት የተበላሹትን ነው። ልጁ ሲንቀሳቀስ ደብዝዞ ከሆነ የጎደለው ብርሃን ነው። ልጅዎ በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ከሩቅ ነጥብ ብቻ ሆና ከታየች የጎደለው የሚያቀርብ ሌንስ ነው። የሰዎቹ ፊት ጠቁሮ ልብሳቸው ብቻ ፈክቶ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከአነሳሱ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔውን ወደ መጨረሻው አቀርበዋለሁ።

ፈልገው ፈልገው የሚያስቆጭ ፎቶ ካጡ ካሜራ አይግዙ። የዛሬ ስልኮች በቀን ብርሃን ግሩም ናቸው፤ ርካሽ ካሜራም በቀን ብርሃን ብዙ አይበልጣቸውም።

ከሜጋፒክስል ይልቅ ሴንሰሩን ይጠይቁ

ፎቶ ቤት የሚታጠበውን የተለመደውን 10 በ15 ሳንቲሜትር ፎቶ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት ለማተም ከ2 ሜጋፒክስል ጥቂት ቢበልጥ ይበቃል። ሙሉ ኤ4 ወረቀት ለመሙላት እንኳ 9 ሜጋፒክስል አያስፈልግም። በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ካኖን 600ዲ 18 ሜጋፒክስል ነው፤ ያረጀ የሚባለው ካሜራ እንኳ ለአልበምም ለግድግዳም ይተርፋል ማለት ነው።

ፎቶውን የሚወስነው ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ነው። በብዙዎቹ ርካሽ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር 6 በ4.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለውና ሌንሳቸው በሚቀያየር መካከለኛ ካሜራዎች ውስጥ የሚገኘው ደግሞ፣ ለምሳሌ በኒኮን፣ 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ነው። በስፋት ሲሰላ 13 እጥፍ ይሆናል። በደብዛዛ ብርሃን አንዱ ፎቶ ንጹሕ ሆኖ ሌላው በነጠብጣብ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ሻጩን “ሴንሰሩ ኤፒኤስ-ሲ ነው?” ብለው ይጠይቁ። ካላወቀ የሞዴሉን ስም ጽፈው ስልክዎ ላይ ያጣሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድባቸው ሁለት ዓይነት ካሜራዎች አሉ። አንደኛው መልኩ ትልቅ፣ ሌንሱ ረጅም፣ ሲያዩት የባለሙያ የሚመስል፣ ሌንሱ ግን የማይፈታ ነው። ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900ን ይውሰዱ፤ 83 እጥፍ ያቀርባል፤ በቀን ብርሃን ሐይቅ ዳር ወፍ ለማንሳት ድንቅ ነው። ሴንሰሩ ግን ከኪስ ካሜራው አይበልጥም፤ ማታ ሳሎን ውስጥ አይረዳዎትም። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ስሙ የማይታወቅ፣ ካርቶኑ ላይ “48 ሜጋፒክስል” ወይም “64 ሜጋፒክስል” ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት፣ በጣም ርካሽ የሆነ አዲስ ካሜራ። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹን ፎቶ በሶፍትዌር ለጥጦ የተገኘ ነው። ለልጅ መጫወቻ ካልሆነ በቀር አይግዙት፤ በዚያው ገንዘብ ላይ ትንሽ ጨምረው ያገለገለ ደኅና ካሜራ ይፈልጉ።

ቦዲው ያገለገለ ይሁን

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የምጽፍልዎ የብር ዋጋ ነገ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ በመጥራት ፋንታ አከፋፈሉን ልንገርዎ። ካለዎት ገንዘብ ከግማሽ ብዙ ያልበለጠውን ለቦዲው፣ ማለትም ሌንስ ለሌለው ለካሜራው አካል፣ ይመድቡ፤ ቀሪው ለሌንስ፣ ለሜሞሪ ካርድና ለተጨማሪ ባትሪ ይሁን። ገንዘባቸውን በሙሉ አዲስ ቦዲ ላይ አፍሰው አብሮ በመጣው ሌንስ ብቻ የሚቀሩ ሰዎች ከስልካቸው ያልተለየ ፎቶ አንስተው ያዝናሉ።

ያገለገለ ሲፈልጉ እነዚህን ስሞች ይያዙ። ከኒኮን ዲ3300፣ ዲ3400 እና ዲ3500፤ ሦስቱም 24 ሜጋፒክስል ናቸው፣ የወጡትም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014፣ በ2016 እና በ2018 ነው። ከካኖን 600ዲ፣ 700ዲ እና 2000ዲ። ከሶኒ ኤ6000፤ ይህ መስታወት የሌለው ዓይነት ስለሆነ ትንሽና ቀላል ነው፣ ባትሪው ገብቶ 344 ግራም ብቻ ይመዝናል። ካኖን 600ዲ ወደ 570 ግራም ነው፤ ዲ3500 በባትሪና በካርድ 415 ግራም። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ካሜራው ለየዕለቱ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ትከሻዎ ላይ የሚውለው ይህ ክብደት ነው፤ የከበደ ካሜራ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

ካኖን 4000ዲ በርካሽ ቢያገኙ አይቸኩሉ። ሌንስ የሚገባበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፤ በዓይን የሚያዩበትን መስኮት ለዓይንዎ የሚያስተካክሉበት መዘውርም የለውም፤ መነጽር ለሚያደርግ ሰው አስቸጋሪ ነው።

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር የባትሪ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። ኒኮን ለዲ3500 በአንድ ሙሌት 1,550 ፎቶ ይላል፤ ለካኖን 600ዲ የተባለው 440 ነው፤ ሶኒ ኤ6000 ደግሞ 360 ገደማ። ሶኒውን ከመረጡ ሁለተኛ ባትሪ የግድ ነው። ገጠር ለበዓል ሄደው ሁለት ሦስት ቀን የሚቆዩ ከሆነ ዲ3500ን የሚስተካከል የለም።

ኪስ የሚገባ ካልሆነ አልይዝም የሚሉ ከሆነ ደግሞ ሶኒ አርኤክስ100ን ይፈልጉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 የወጣው የመጀመሪያው እንኳ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ሴንሰርና ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ አለው፤ ክብደቱም 240 ግራም ነው። ከትንንሾቹ መካከል ማታ የሚያኮራ እሱ ነው።

ሌንሱ ላይ አይሰስቱ

ከካሜራ ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ያለው ሌንስ ክፉ አይደለም፤ ችግሩ ቀዳዳው ጠባብ መሆኑ ነው። የሌንስ ቀዳዳ የሚገለጸው ኤፍ በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ያ ሌንስ አቅርበው ሲያነሱበት ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ከሱ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል።

በተግባር እንየው። ማታ ነው፤ አንድ አምፖል በርቷል፤ ረከቦቱ ፊት የተቀመጠችውን ሰው ጀበናውን ስታዘነብል ሊያነሷት ነው። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር፣ 1600 አድርገውታል። በኤፍ 5.6 ካሜራው በሰከንድ አሥራ አምስተኛ ያህል መከፈት ይኖርበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እጇ ይንቀሳቀሳል፤ ጀበናውም፣ ሲኒውም፣ የእርስዎ እጅም። ፎቶው ይደበዝዛል። ሌንሱን ኤፍ 1.8 ወደሆነው ቢለውጡት ያው ብርሃን በሰከንድ መቶ ሃምሳኛ ያህል ጊዜ ይገባል። ከጀበናው አፍ የሚወርደው ቡና ቀጥ ብሎ ይታያል። ፍላሽ አያስፈልግም፤ የእጣኑ ጭስም በፍላሽ ነጭ ግድግዳ ሆኖ አይበላሽም። ካሜራው ያው ነው፤ የተለወጠው ሌንሱ ብቻ ነው።

የትኛውን? ለኒኮን 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ዲኤክስ የሚባለውን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ሲወጣ ዋጋው 200 ዶላር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ያገለገለው ከዚያ በታች ይገኛል። ለካኖን ሁሉም የሚመክሩት 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ነው፤ ርካሽም ጥሩም ነው፤ ነገር ግን በእነዚህ ቦዲዎች ላይ እይታው እንደ 80 ሚሊሜትር ሌንስ ይጠባል። በጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባዎ ግድግዳ ቢነካም አራት ሰው በአንድ ላይ አይገባልዎትም። ለአንድ ሰው ፊት ግን እጅግ ያምራል። ቤትዎ ጠባብ ከሆነ 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 የሆነውን የካኖን ስስ ሌንስ ይምረጡ። ብርሃን ትንሽ ይቀንሳሉ፤ ቤተሰቡ ግን ሙሉውን ይገባል።

ኒኮን ሲገዙ የሌንሱን ፊደላት ልብ ብለው ያንብቡ። እነዚህ ቦዲዎች የራሳቸው የማተኮሪያ ሞተር ስለሌላቸው ሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ የሚል መኖር አለበት። ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት የድሮዎቹ ሌንሶች ይገጥማሉ እንጂ በራሳቸው አያተኩሩም። ኤኤፍ-ፒ የሚባሉት አዳዲሶቹ ግን ከእነዚህ ቦዲዎች በቀደመው ዲ3200 ላይ ጭራሽ አያተኩሩም። ሻጩ “ሁሉም ይሠራል” ቢልዎ አይመኑ፤ ገጥመው ይሞክሩት።

ገንዘብ ሳይቆጥሩ ይፈትሹ

ያገለገለ ካሜራ ሊያዩ ሲሄዱ የራስዎን ኤስዲ ካርድ ይያዙ፤ የስልክዎ ባትሪም ሙሉ ይሁን። አይቸኩሉ። ለመፈተሽ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመዎት አመስግነው ይውጡ።

ሌንሱን ያስፈቱና የስልክዎን መብራት በኋላው በኩል አብርተው በፊቱ ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ወይም ጉም የመሰለ ነገር ካዩ ሻጋታ ነው፤ አይግዙ፤ ወደሌላ ሌንስዎም ሊዛመት ይችላል። የቦዲውን ብሎኖች ይዩ፤ አናታቸው ተቧጭሮ ከሆነ ካሜራው ተከፍቶ ተጠግኗል። ሌንስ የሚነካቸው የመዳብ ቀለም ነጥቦች ንጹሕ፣ ካርድ የሚገባበት ቦታ ውስጥ ያሉት መርፌዎች ያልተጣመሙ መሆን አለባቸው።

ከዚያ ሌንሱን መልሰው ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ ያድርጉና ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ያንሱ። ፎቶውን አጉልተው ሲያዩ ጥቁር ነጥቦች ካሉ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጸዳል፤ ዋጋ ያስቀንሱበት። ቀጭን መስመር የመሰለ ጭረት ካዩ ግን ይተዉት። ቀጥሎ ክዳኑን ገጥመው፣ ማተኮሪያውን ወደ እጅ ቀይረው፣ አይኤስኦውን 1600 አድርገው ለጥቂት ሰከንድ ተከፍቶ የሚቆይ ፎቶ ያንሱ፤ በጨለማው ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ከበዙ ሴንሰሩ ደክሟል።

አሁን በተከታታይ ሠላሳ ያህል ፎቶ ያንሱ። ጋዜጣ ላይ ያተኩሩ፣ የሻጩን ፊት ያንሱ፣ ፍላሹን ያብሩ፣ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹ። የባትሪው ምልክት በዚህች ጊዜ ውስጥ ከሙሉ ወደ ግማሽ ከወረደ ባትሪው አልቋል። እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫኑ፤ በተለይ የፎቶ ማንሻውን በግማሽ ሲጫኑት ማተኮሩን ያረጋግጡ።

ካሜራው ስንት ፎቶ እንዳነሳም ይጠይቁ። ለጀማሪዎች የሚሠሩት ካሜራዎች ሹተር፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ፣ ብዙውን ጊዜ ለ100,000 ያህል ፎቶ ይቆያል ተብሎ ነው የሚሠራው። ኒኮን ቁጥሩን እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ስለሚጽፈው በካርድዎ ያነሱትን ፎቶ ወስደው በኮምፒውተር ማየት ይችላሉ። ካኖን በአብዛኛው ፎቶው ውስጥ አይጽፈውም፤ ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሰርግ ሲቀረጽበት የኖረ ካሜራ ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ ሰው ቤት የተቀመጠ ከጥቂት ሺህ ላያልፍ ይችላል።

ከተስማሙ በመጨረሻ የካሜራው መለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ወይም የሁለታችሁ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይያዙ። የተሰረቀ ዕቃ ሆኖ ቢገኝ የሚያድንዎ ይህ ወረቀት ነው።

ዘመድ ከውጭ የሚያመጣልዎ ከሆነ

አሜሪካ ላለ ወንድምዎ “ካኖን 700ዲ ፈልግልኝ” ቢሉት ሊያጣው ይችላል፤ ምክንያቱም እዚያ ስሙ ሌላ ነው። 600ዲ አሜሪካ ውስጥ ሬብል ቲ3አይ፣ 700ዲ ሬብል ቲ5አይ፣ 2000ዲ ደግሞ ሬብል ቲ7 ይባላሉ። ኒኮን ስሙን አይቀይርም። እዚያ ያገለገለ ካሜራ ፈትሸው፣ ደረጃ አውጥተውለት የሚሸጡ የታወቁ ድርጅቶች አሉ፤ ጆርጂያ ግዛት ያለው ኬኢኤች እና ኤምፒቢ ከነሱ መካከል ናቸው። ካኖንና ኒኮን ራሳቸውም ተመላሽ ዕቃ አድሰው ይሸጣሉ። ከግለሰብ ከመግዛት ይህ ይሻላል፤ ዘመድዎ አይቶ ካልወደደው መመለስ ይችላል።

የሶኒ ካሜራ ከሆነ የሜኑውን ቋንቋ አስቀድሞ ያጣራ። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ከጃፓንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የላቸውም። ስለ ኤሌክትሪኩ አያስቡ፤ የካኖንና የኒኮን ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራሉ፤ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃዎታል። ትርፍ ባትሪው ግን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ መምጣት አለበት፤ የአውሮፕላን ደንብ ነው።

የተረፈው ገንዘብ ለምን ይውላል?

ለካርድ ነው በቅድሚያ። 32 ጊጋባይት ይበቃል፤ አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ይሻላል። ዋጋው በማይታመን ሁኔታ ርካሽ የሆነ 256 ወይም 512 ጊጋባይት ካርድ በብዛት የውሸት ነው፤ ሲሞላ ፎቶውን ይበላል። ፎቶ ወደ ስልክ ለመላክ ዲ3400 እና ዲ3500 በብሉቱዝ፣ ኤ6000 እና 2000ዲ በዋይፋይ ይችላሉ፤ 600ዲ አይችልም። ይህ ግን ከመግዛት አያግድዎ፤ ስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ ካርድ ማንበቢያ ሥራውን በፍጥነት ይሠራዋል።

በበጋ አቧራ ሲነሳ ደጅ ላይ ሌንስ አይቀይሩ። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል፤ ካሜራውን በቆዳ ቦርሳ ዘግተው ለወራት አይተዉት፤ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረው ያስቀምጡ።

ነጠላ ለለበሱ ሰዎች አንድ ቁልፍ

አሁን ወደ ጠቆረው ፊት እንመለስ። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። በጥምቀት ወይም በሰርግ ዕለት የካሜራውን መስኮት ነጭ ነጠላና ነጭ ቀሚስ ሲሞላው “ብርሃን በዝቷል” ብሎ ያጨልመዋል። ነጩ ግራጫ ይሆናል፤ የሰዎቻችን ጠይም ፊት ደግሞ ከነጭራሹ ይጠፋል። ብዙ የበዓል አልበም የተበላሸው በዚህ ነው፤ ያሳዝነኛልም፣ ምክንያቱም መፍትሔው አንድ ቁልፍ ነው።

ካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይፈልጉ። መደወያውን ኤ ላይ፣ ካኖን ከሆነ ኤቪ ላይ ያድርጉ። ቁልፉን ተጭነው መዘውሩን በማዞር ከመደመር 0.7 እስከ መደመር 1 ያድርሱት፤ አንድ ፎቶ ያንሱና ፊቱን አጉልተው ይዩ። ዓይንና ጉንጭ በግልጽ ከታየ ይበቃል፤ የነጠላው ጥለት ነጥቶ ከጠፋ ትንሽ ይቀንሱ። ቤት ውስጥ ሲሆኑ ቀዳዳውን ኤፍ 2 አካባቢ፣ አይኤስኦውን በራሱ እንዲመርጥ ከ3200 እንዳያልፍ አድርገው ይተዉት። ኒኮን ላይ ሹተሩ ከሰከንድ መቶ ሃያ አምስተኛ እንዳይዘገይም እዚያው ሜኑ ውስጥ መወሰን ይችላሉ።

ከሁሉም አንዱን ምረጥልኝ ካሉኝ፣ ለቤተሰብና ለየዕለት ፎቶ ያገለገለ ኒኮን ዲ3400 ወይም ዲ3500 ከ35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር እመርጣለሁ። ዲ3500 መመረት ስላቆመ የሚያገኙት ካገለገሉት መካከል ነው። ፍተሻውን ካለፈ ይግዙት።